ፍሎሪን የገባበት ሸክላ፦ ስለ ኦክሲፍሎራይድ ሴራሚክና ‹‹ሊውል ይችላል›› ስለሚለው ቃል

ባለፈው ሴሚስተር በሳይንስ ዘገባ ኮርስ እያንዳንዳችን አንድ ‹‹ከባድ›› ርዕስ በዕጣ እንድናወጣ ተደርጎ ነበር። ለጓደኞቼ ወባ፣ የአፈር መሸርሸር፣ የፀሐይ ግርዶሽ ደረሳቸው። እኔ የዘረጋኋት ብጣሽ ወረቀት ግን ‹‹በሙከራ ላይ ያሉ ቅይጥ ብረታ ብረት ኦክሲፍሎራይድ ሴራሚኮችና የምህንድስና ጥቅማቸው›› ትላለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ ሳቅሁ። ለምን እንደሸፈንኩ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ረቂቄ ርዕስ ‹‹የባትሪን ጉልበት በሦስት እጥፍ የሚያሳድግ ሸክላ ተገኘ›› የሚል ነበር። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ሦስት እጥፍ›› የሚለውን አክብቦ ሦስት ጥያቄ ጽፎበት መለሰልኝ፦ የምን ሦስት እጥፍ? ከምን ጋር ተወዳድሮ? ስንት ግራም ሠርተው? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ውጤቴን አልነግራችሁም። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ረቂቅ ለመሥራት ስል የተማርኩት ነው። በዲፓርትመንታችን ያለነው አብዛኞቻችን ከኬሚስትሪ ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ የተለያየን ስለሆንን ከታች ነው የምጀምረው፤ ከተፈጥሮ ሳይንስ የመጣችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ሴራሚክ ሲባል ብዙዎቻችን የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው የሚታየን። ነገር ግን ምጣዱም፣ ጀበናውም፣ ስኒውም ሴራሚክ ነው። በመኪና ካንዴላ ላይ ያለችው ነጭ አካል እንኳ ሴራሚክ ናት፤ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተያይዘው የተሠራች። የብዙዎቹ ሴራሚኮች ነገር ይኸው ነው፦ አንድ ብረት (ወይም እንደ ሲሊከን ያለ ብረት ቀመስ ንጥረ ነገር) ኦክስጅንን ይዞ በእሳት ይጠነክራል። ሙቀት ይችላል፣ አሲድ ቶሎ አይበላውም፣ ከጣሉት ግን ይሰበራል። ‹‹ኦክሳይድ›› የሚባለው ይህ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ውህድ ነው። ታዲያ በዚህ ውስጥ ከኦክስጅኖቹ የተወሰኑት ወጥተው በቦታቸው ፍሎሪን ሲገባ ‹‹ኦክሲፍሎራይድ›› ይባላል። ብረቱ ከአንድ በላይ ሲሆን ደግሞ ‹‹ቅይጥ››። የሚያስፈራው ስም እንግዲህ ይኼው ነው፤ ሲፈታ ያን ያህልም አይደለም።

ፍሎሪን ራሱ ግን የሚያስፈራ ነው። ፍሎራይት የሚባለውን ድንጋይ የማዕድን ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ እቶን ውስጥ ሲጨመር ሌላውን ማዕድን ቶሎ ስለሚያቀልጥ ስሙ ‹‹መፍሰስ›› ከሚል የላቲን ቃል መጣ። (ፍሎረሰንት የምንለው መብራት ስሙ ከዚሁ ድንጋይ የተገኘ ነው።) ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጋዝ ለብቻው ለማውጣት ግን ብዙ ሰው ተጎድቷል። አየርላንዳውያኑ ወንድማማቾች ኖክስ ክፉኛ ተመርዘዋል፣ ቤልጅየማዊው ሉዬ እና ፈረንሳዊው ኒክሌስ ሞተዋል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዊው ሄንሪ ሟሳን በኤሌክትሪክ ለይቶ አወጣው፤ ዕቃውን የሠራው ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም ሲሆን ክዳኑን ደግሞ ከዚያው ከፍሎራይት ድንጋይ ነበር የቀረጸው። ፍሎሪን ቀድሞ የጠገበውን ነገር እንደገና አይበላውምና! ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ታች ስንወርድ እንፈልጋታለን። ሟሳን በ1906 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፣ በዓመቱ አረፈ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ፍሎሪን በኦክስጅን ቦታ ሊቀመጥ የሚችለው ለምንድን ነው? መልሱ መጠን ነው። በውህድ ውስጥ ያለ ኦክስጅን ራዲየሱ 1.40 አንግስትሮም ሲሆን ፍሎሪን 1.33 ነው (አንግስትሮም ማለት የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። ስለዚህ አንዱ ሲነሣ ሌላው ወንበሩ ላይ ልክ ይሆናል። ልዩነቱ የሚመጣው በምግቡ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንግዶች ቤታችሁ ቢመጡ ወንበሩ ለሁለቱም ይሆናል፤ ኦክስጅን ግን ሁለት እንጀራ ነው የሚበላው፣ ፍሎሪን አንድ። እንጀራው ኤሌክትሮን ነው፣ አቅራቢዎቹ ብረቶቹ ናቸው። አንድ ኦክስጅን በፍሎሪን ሲተካ ከብረቶቹ አንዱ ሊሰጠው የነበረው አንድ ኤሌክትሮን እጁ ላይ ይቀራል። የቀረው ሁሉ ከዚህች ትርፍ የሚመጣ ነው።

ይህን ሳነብ ነው እንግዲህ አፌን የሸፈንኩበት ነገር ትዝ ያለኝ። የተወለድኩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው፤ ጥርሴ የበለዘ ነው። የአካባቢያችን ልጆች አብዛኞቻችን እንዲህ ነን። ግቢ ስንገባ ከየት እንደመጣን ጥርሳችን ነው የሚናገረው። እሳተ ገሞራ የወለደው ዐለትና ከሥር የሚመጣው ፍል ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በላይ አላቸው። የወንጂ ስኳር እርሻ አካባቢ በዚህ ጉዳይ ላይ በተጻፉ የሕክምና ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ስም ነው።

ለካ የጥርሳችን ሽፋን ውስጥ የሚሆነውም የዚሁ የወንበር ነገር ዘመድ ነው! የጥርስ ማዕድን ካልሲየምና ፎስፌት ይዞ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ የሚቀመጥባት ቦታ አለችው። ፍሎራይድ ያችን ቦታ ይወስዳል። በጥቂቱ ሲገባ ማዕድኑን አሲድ ቶሎ እንዳያሟሟው ያደርጋል፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። በልጅነት፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ሲበዛ ግን አሠራሩን ያዛባና ይበልዛል፣ ይቦረቡራል። ከዚያ በላይ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትም አይቀርለትም። አንድ ንጥረ ነገር፣ አንድ የመተካካት ጠባይ፤ በመጠኑና በጊዜው ግን ሌላ ውጤት። እናቴ ‹‹ውኃው ነው›› ስትል የኖረችውን እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ ስለ ባትሪ ሳነብ ተረዳሁት።

አሁን ባትሪው። ስልካችን ውስጥ ያለው ሊቲየም ባትሪ ሁለት ወገን አለው። ሲሞላ ሊቲየሙ ከአንደኛው ወገን (ካቶድ) ወጥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ስንጠቀምበት ይመለሳል። ሊቲየም በወጣ ቁጥር ካቶዱ ውስጥ ያለ ብረት አንድ ኤሌክትሮን መስጠት አለበት። ለረጅም ጊዜ ካቶድ ሆኖ ያገለገለው ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ነው፤ ጆን ጉድኢነፍና ባልደረቦቹ ኦክስፎርድ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 አሳዩት፣ ሶኒ በ1991 ለገበያ አወጣው፣ ጉድኢነፍ በ2019 ከሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ኮባልት ግን ውድ ነው፣ ከዓለም አብዛኛው የሚወጣውም ከአንድ አገር፣ ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። ርካሽና ብዙ የሆነውን ማንጋኒዝን መጠቀም የሚፈልግ ሰው ሞልቷል።

ጀርመን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ከሊቲየም፣ ከቫናዲየም፣ ከኦክስጅንና ከፍሎሪን የተሠራ ካቶድ ይፋ አደረጉ። በ2018 ደግሞ ካሊፎርኒያ በርክሌ የሚገኘው የጌርብራንድ ሴደር ቡድን ማንጋኒዝና ኒዮቢየም፣ እንዲሁም ማንጋኒዝና ቲታኒየም የተቀየጡባቸውን ሁለት ኦክሲፍሎራይዶች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ። የመጀመሪያውን ሒሳብ እስክሪብቶ ይዛችሁ አብረን እንሥራው፤ እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ እናንተ አምስት ደቂቃ ይበቃችኋል።

በቀላል ቁጥር ስናስቀምጠው ስድስት ሊቲየም፣ ሁለት ማንጋኒዝ፣ አንድ ኒዮቢየም፣ ስድስት ኦክስጅንና ሦስት ፍሎሪን አለው። የሚበሉት፦ ስድስቱ ኦክስጅን ሁለት ሁለት 12፣ ሦስቱ ፍሎሪን አንድ አንድ 3፤ በድምሩ 15 ኤሌክትሮን። የሚያቀርቡት፦ ስድስቱ ሊቲየም አንድ አንድ 6፣ ኒዮቢየም 5፤ የቀረውን 4 ሁለቱ ማንጋኒዞች ሁለት ሁለት ይሰጣሉ። ሞላ። ማንጋኒዝ ደግሞ በእንዲህ ያለ ውህድ ውስጥ እስከ አራት መስጠት ስለሚችል ባትሪው ሲሞላ እያንዳንዱ ገና ሁለት የሚሰጠው በኪሱ አለ ማለት ነው።

አሁን ፍሎሪኖቹን አውጥታችሁ ዘጠኙንም ቦታ ኦክስጅን አድርጉት። ድግሱ 18 ይፈልጋል። ከሊቲየምና ከኒዮቢየም የሚመጣው ያው 11 ነው፤ የቀረውን 7 ሁለት ማንጋኒዞች ይካፈሉ ብትሉ ለእያንዳንዱ 3.5 ይደርሰዋል። ለባትሪው የሚተርፈው ግማሽ ብቻ! ከዚያ በላይ ሊቲየም ሲወጣ ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው ራሱ ኦክስጅን ይሆናል፤ ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ሲያጣ ደግሞ ጋዝ ሆኖ ሊወጣና ካቶዱን ሊያበላሸው ይችላል። የፍሎሪን ሥራ ይኼ ነው፦ ማንጋኒዝ ከመጀመሪያው ሁሉንም እንዳይከፍል ማዳን።

ሌላም ያስገረመኝ ነገር አለ። በሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ውስጥ ሊቲየሙ በአንድ ንብርብር፣ ኮባልቱ በሌላ ንብርብር በሥርዓት ነው የሚቀመጡት፤ ሊቲየም በመካከል እንደ ልቡ ይመላለሳል። በእነዚህ አዳዲስ ኦክሲፍሎራይዶች ግን ብረቱና ሊቲየሙ እንደ ገበያ ሰው ተደበላልቀዋል። ድሮ እንዲህ ያለው መደበላለቅ መንገድ ይዘጋል ተብሎ ይጣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የሴደር ቡድን ሊቲየሙ ከብረቱ በበቂ መጠን ከበዛ በድብልቁ መሃል እርስ በርሱ የተያያዘ መተላለፊያ እንደሚያገኝ አሳየ። እውነቱን ለመናገር የተጣለ ነገር ተመልሶ መምጣቱን ከሒሳቡ በላይ ወድጄዋለሁ።

ታዲያ ‹‹ሦስት እጥፍ›› ከየት አመጣሁት? በርክሌዎች በኪሎግራም ወደ 1000 ዋት-ሰዓት የሚደርስ ጉልበት ለክተዋል። እኔ ደግሞ ጥሩ የመኪና ባትሪ ሴል በኪሎ ከ200 እስከ 300 ዋት-ሰዓት ይይዛል የሚል አነበብኩና አካፈልኩ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። 1000 የተባለው ለካቶዱ ዱቄት ብቻ ነው። 300 የተባለው ደግሞ ለሙሉው ሴል፦ ካቶድ፣ ሌላኛው ወገን፣ ፈሳሹ፣ የመዳብና የአሉሚኒየም ቅጠሉ፣ ቆርቆሮው። አንድ ኪሎ በርበሬን ከአንድ ድስት ዶሮ ወጥ ጋር ማወዳደር ነው። ዱቄትን ከዱቄት ካወዳደርን ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ልክ በግራም 140 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ በ3.9 ቮልት ስለሚሰጥ ወደ 550 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ልዩነቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሦስት አይደለም።

በዚያ ላይ ቁጥሩ የተገኘው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ነው፤ እየሞላ እየፈሰሰ ሲሄድ ይቀንሳል። ቮልቴጁ በጣም ከላይ ጀምሮ በጣም ታች ድረስ ስለሚወርድ ዕቃ ለሚሠራ መሐንዲስ አይመችም። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ የካርቦን ጥላሸት በብዛት ይቀላቀልበታል። የሙከራ ሴሉም የእጅ ሰዓት ባትሪ የሚያክል ነው። ለመምህራችን ሦስተኛ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፦ በግራም የሚቆጠር።

አሠራሩስ? መጀመሪያ ሁሉንም ቀላቅሎ እንደ ሸክላ መተኮስ ይመስለኝ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ‹‹አንቺ፣ ፍሎራይድ ያለበት ነገር ክፍት እቶን ውስጥ ከትተሽ ልታጋይ ነው እንዴ?›› ብላ ሳቀችብኝ። በከፍተኛ ሙቀት በአየሩ ያለው እርጥበት ፍሎራይዱን ያጠቃዋል፤ ፍሎሪኑ ሃይድሮጅን ይዞ በጋዝ መልክ ይሄዳል፣ የሚቀረው ተራ ኦክሳይድ ነው። የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ውኃ ሲያገኝ መስታወት የሚበላ፣ ቆዳ ዘልቆ የሚገባ አሲድ ይሆናል። ሙቀት ሌላም ችግር አለው፦ ሊቲየምና ፍሎሪን እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ከድብልቁ ተነጥለው የራሳቸውን ጨው ይሠራሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ያደረጉት አያቶቻችን በሙቀጫ የሚያደርጉትን ነው፤ ዱቄቶቹን ከጠንካራ ኳሶች ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርገው ለብዙ ሰዓት በኃይል ያንገላታሉ። ምቱ ብቻውን ያዋህዳቸዋል። በዚህ መንገድ ግን ቶን ማምረት ከባድ ነው፣ ወጪውም ብዙ ነው።

በነዚሁ ዓመታት ካርልስሩኸ ያሉ ተመራማሪዎች ኮባልት፣ መዳብ፣ ማግኒዚየም፣ ኒኬልና ዚንክ፣ አምስቱም እኩል እኩል የገቡበትን ኦክሳይድ ከሊቲየም ፍሎራይድ ጋር በዚሁ የመውቀጥ ዘዴ አዋህደው በ2019 አሳይተዋል። ቅይጥ ከተባለ ይሄ ነው ቅይጥ! መስታወት ውስጥ የፍሎራይድ ደቃቅ ክሪስታሎች በትነው የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጡም አሉ፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1993 ካወጡት ሥራ ጀምሮ ብዙ ተጽፎባቸዋል። እዚያ ውስጥ አልገባም፤ አንድ ርዕስ ይበቃኛል።

አንዱን ግን ማለፍ አልችልም፤ ከሙከራ ቤት የወጣ ስለሆነ። ባለ አንድ ብረት ነውና ከርዕሴ ትንሽ ይወጣል፦ ይትሪየም ኦክሲፍሎራይድ። የኮምፒውተርና የስልክ ቺፕ ሲሠራ ሲሊከኑ ላይ ያሉት ደቃቅ ቦዮች የሚቀረጹት በፕላዝማ ነው፤ ማለትም ፍሎሪን ያለበት ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል ተበጣጥሶ። ፍሎሪኑ ሲሊከኑን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፣ ጋዙ ተስቦ ይወጣል። ችግሩ ፍሎሪን ሲሊከኑንና የክፍሉን ግድግዳ አለመለየቱ ነው። ግድግዳው ኳርትዝ ከሆነ እሱም ውስጡ ሲሊከን ነውና አብሮ ይተናል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከሆነ ደግሞ የሚፈጠረው አሉሚኒየም ፍሎራይድ በቀላሉ አይተንም፤ ተቀርፎ አቧራ ይሆናል። በዓይን የማትታይ አንዲት ቅንጣት ቺፑ ላይ ብታርፍ ያ ሁሉ ሥራ ገደል ገባ።

ስለዚህ ግድግዳውን በይትሪየም ኦክሳይድ መለበጥ ተጀመረ። የተሻለ ነው፤ ሆኖም የላይኛው ገጹ ቀስ በቀስ ፍሎሪን እየጠጣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። እዚህ ላይ የሟሳንን ክዳን አስታውሱ። ከመጀመሪያው ፍሎሪን የጠጣ ልባጥ ቢደረግስ? አንድ ይትሪየም፣ አንድ ኦክስጅን፣ አንድ ፍሎሪን፤ ይትሪየም ሦስት ይሰጣል፣ ኦክስጅን ሁለት ፍሎሪን አንድ ይበላሉ፣ ሒሳቡ ሞላ። አምስት ይትሪየም፣ አራት ኦክስጅንና ሰባት ፍሎሪን ያለበትም ወንድም አለው፤ አስሉት፣ 15 በ15 ይመጣል። የእነዚህ ዱቄቶች ለልባጥ ሥራ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ እንኳ እንዲህ ባለ ክፍል ግድግዳ መካከል ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ከእኛ አገር ጋር ያለው ግንኙነት ከጥርሴ ሌላ ሁለት ነው። ጉጂ ዞን ያለው የቀንጢቻ ማዕድን በታንታለም የታወቀ ነው፣ ሊቲየምም አለበት፤ ኒዮቢየም ደግሞ ከታንታለም ጋር በአንድ ማዕድን ውስጥ ነው የሚገኘው። (በግሪክ ተረት ኒዮቤ የታንታሉስ ልጅ ናት፤ ስሙን የሰጡት ሰዎች አውቀው ነው።) ከስድስት ሊቲየም፣ ሁለት ማንጋኒዝ፣ አንድ ኒዮቢየም ከሚለው ዝርዝር ሁለቱ እዚያ ዐለት ውስጥ አሉ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ስለ ባትሪ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ያስፈልጋል፤ የሚጽፈውን ደግሞ መኪና ለመግዛት ገንዘብ የቆጠበ ሰው ያነበዋል።

ሁለተኛው ረቂቄ ርዕስ ‹‹ፍሎሪን የተቀላቀለበት የማንጋኒዝ ካቶድ በሙከራ ሴል ከኮባልቱ የበለጠ ጉልበት ያዘ፤ ዕድሜው ገና ነው›› የሚል ሆነ። ረጅም ነው፣ አይማርክም። መምህራችን ‹‹ዕድሜው ገና ነው›› የሚለው ዱቄቱ ገና በሙከራ ላይ ነው ማለት ነው ወይስ ባትሪው ቶሎ ያረጃል ማለት ነው ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱም ነው አልኩት። ‹‹እንግዲያው ሁለቱንም ጻፊያቸው›› አለኝ፤ እየጻፍኩት ነው።